«5ጂ እንክፈትላችሁ» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው ወር 700 ብር ከፍዬ «5ጂ ዋይፋይ» አስከፈትኩ። የተደረገልኝ ይኸው ነው፦ በቤቴ ዋይፋይ ስም መጨረሻ ላይ 5 ቁጥርና «ጂ» ፊደል ተጨመሩ። ፍጥነቱን የሚጨምር አንዳች ነገር አልተደረገም። ራውተሩን የገዛሁበት 4,200 ብር ሲደመርበት፣ ለስም ማስረዘሚያ 4,900 ብር አወጣሁ ማለት ነው። እናንተም ሳትከፍሉ በፊት ታሪኩን ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በልጄ የማታ ትምህርት ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በፋይበር የሚገባልን ኢንተርኔት ቀን ቀን ምንም አይልም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም ሲከፍት፣ የልጄ የቪዲዮ ትምህርት መሐል ላይ ቀጥ ይላል። መምህሩ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ ያቺ ክብ ምልክት ትሽከረከራለች። የአቅራቢውን የደንበኞች መስመር ደውዬ መስመሩ ደህና መሆኑ ሲነገረኝ፣ እንግዲያው ጥፋቱ የራውተሩ ነው ብዬ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ።

ሻጩ ከመደርደሪያው አራት አንቴና የቆመበት፣ ጥቁር፣ በጀርባው የተገለበጠ ጥንዚዛ የሚመስል ራውተር አወረደ።

«ወንድሜ፣ ይህ 5ጂ ነው። ግድግዳ አይበግረውም» አለኝ።

በዚህች አባባል ብቻ መንቃት ነበረብኝ፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ። ካርቶኑ ላይ ክብ ወርቃማ ወረቀት ተለጥፏል፤ በትልቁ 5ጂ ይላል። ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር አብሮ የታተመ ሳይሆን በእጅ፣ ትንሽ ጠመም ብሎ የተለጠፈ መሆኑን ያስተዋልኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሻጩ 5ጂው ከፋብሪካ «ተዘግቶ» እንደሚመጣና የሚከፍት ባለሙያ እንዳለው ነገረኝ፤ ስልክ ቁጥርም ጻፈልኝ።

ባለሙያው በማግስቱ መጣ። ትሑት ልጅ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ የቀረበለትን ቡና ጠጣ፣ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኘና ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ሩብ ሰዓት ያህል ነካካ። ከዚያ «ጋሼ፣ አሁን ስልክዎን ይመልከቱ» አለ። ተመለከትኩ። የድሮው ስም ጠፍቶ በምትኩ መጨረሻው 5ጂ የሚል ስም መጥቷል። ደስ ብሎኝ 700 ብሩን ቆጠርኩለት። ደረጃው ድረስም ሸኘሁት።

ያን ሌሊት ኢንተርኔቱ ፈጠነልኝ። ይህን አልክድም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሞከርኩት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ጎረቤት ተኝቷል፣ ሞገዱን የሚሻማኝ የለም፤ አሮጌው ራውተርም ቢሆን በዚያ ሰዓት ይፈጥን ነበር። በማግስቱ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መምህሩ እንደገና አፉን ከፍቶ ቀረ።

ምስጢሩን ያወጣችው ልጄ ናት። ስልኬን ተቀብላ ቅንብር ውስጥ ገባች፣ ዋይፋይ የሚለውን ነካች፣ የእኛን ስም ስትጫን ዝርዝሩ ወጣ። «አባዬ፣ ይህ እኮ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚለው» አለችኝ። ጣቷን አንድ መስመር ዝቅ አደረገች፤ የግንኙነት ፍጥነት 72 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይላል። ለ700 ብሩ ባለሙያ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ የ13 ዓመት ልጅ በግማሽ ደቂቃ መለሰችልኝ።

የገባኝን ላስረዳ። የቤት ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት ሞገዶች ይሠራል፤ አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ነው። የመጀመሪያው ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ችግሩ መጨናነቁ ነው። ብሉቱዝ እዚያው ላይ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም ሲሠራ ይረብሸዋል። ሞገዱ ከተከፋፈለባቸው መስመሮች፣ ቻናል ከሚባሉት፣ መካከል እርስ በርስ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ስልኬ ከሠላሳ በላይ የጎረቤት ዋይፋይ ይቆጥራል። ሠላሳ አባወራ በሦስት መስመር ሲጋፋ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ምን እንደሚሆን የመገናኛን ታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው አይጠፋውም። 5 ጊጋኸርዝ ብዙ ቻናል አለው፣ ቻናሎቹንም አስፍቶ መጠቀም ይቻላል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ነገር ግን በአጭሩ ይቀራል፣ ግድግዳ ደግሞ በጣም ያደክመዋል፤ በተለይ ኮንክሪት። «ግድግዳ አይበግረውም» ያለኝ ሻጭ የተናገረው የእውነቱን ተቃራኒ ነበር።

ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው። 5 ጊጋኸርዝ የራሱ የሬዲዮ ክፍል ይፈልጋል። ክፍሉ ራውተሩ ውስጥ ከሌለ ማንም ባለሙያ፣ በምንም ላፕቶፕ፣ ሊከፍተው አይችልም። ቧንቧ ባልተዘረጋበት ግድግዳ ላይ መክፈቻ እንደመትከል ነው። ክፍሉ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ክፍት ነው፤ ተዘግቶ ቢገኝ እንኳ ማብሪያው በቅንብሩ ገጽ ላይ አንድ ምልክት ማድረግ ነው። «ተዘግቶ ይመጣል፣ በገንዘብ ይከፈታል» የሚባል ነገር የለም።

«5ጂ» የሚለው ስምም ራሱ ወጥመድ ነው። በሞባይል ስልክ 5ጂ ሲባል አምስተኛው ትውልድ ማለት ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሙከራ የጀመረው ያ ነው፤ ስልካችን ከማማ ጋር የሚነጋገርበት ቴክኖሎጂ። የዋይፋዩ 5 ግን የጊጋኸርዝ ቁጥር ነው፤ ከማማም ከሲም ካርድም ጋር አይገናኝም። ሁለቱ በስም ተመሳሰሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ራውተር አምራቾችም ሁለተኛውን ሞገድ ለመለየት በስሙ ላይ ይህንኑ ምልክት ስለሚጨምሩ ግርታው በዛ። የሠፈራችን ባለሙያ የተጠቀመው በዚህ ግርታ ነው፤ የዋይፋይን ስም ደግሞ ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል። ብፈልግ የእኔን «10ጂ» ልለው እችላለሁ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ 5ጂ አልኩ እንጂ 5 ጊጋኸርዝ አላልኩም።» ልዩነቱን ከእኔ በፊት ያውቀው ኖሯል። የላከውን ባለሙያ ጠየቅኩት፤ አላውቀውም አለ። ደረሰኙን አወጣሁ፤ «ራውተር፣ ብዛት 1» ይላል፣ ሞዴል የለ፣ ዓይነት የለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል ብዬ ብነግረው ፈገግ አለ። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፤ ማስረጃዬ ግን ጠማማ ተለጣፊና ባዶ ደረሰኝ ነው። ስለዚህ ራውተር ስትገዙ ሙሉ የሞዴሉ ስምና «ባለ ሁለት ሞገድ» የሚል ቃል ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ አስገድዱ። አልጽፍም ካለ ውጡ።

ከንዴቴ የተነሳ ቤት ገብቼ ራውተሩን በካቻቢቴ ፈታሁት። ከአራቱ አንቴናዎች ከሰሌዳው ጋር በሽቦ የተያያዙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ፕላስቲክ ናቸው፤ ከሥራቸው ምንም የለም። አንቴና መቁጠር ከንቱ መሆኑን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

ታዲያ ምን ይታይ? ተለጣፊውን ተዉትና ካርቶኑ ላይ የታተመውን፣ እንዲሁም ራውተሩ ሆድ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ኤን300» (N300) የሚል ከሆነ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ነው፤ የእኔው እንዲህ ይላል፣ በደቃቅ ፊደል። «ኤሲ1200» (AC1200) የሚል ከሆነ ሁለቱም ሞገዶች አሉት። ቁጥሩ ግን የሁለቱ ድምር ወደ ላይ ተጠጋግቶ ነው፤ 300 በ2.4፣ 867 በ5 ጊጋኸርዝ። አንድ ስልክ 1200ውን አያገኝም፤ የሚገናኘው በአንዱ ሞገድ ነውና። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሱቁ ውስጥ መሞከር ነው። ራውተሩን ኤሌክትሪክ ላይ ይሰኩላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ በስልካችሁ ተገናኙና ዝርዝሩን ክፈቱ። ኢንተርኔት ባይኖረውም ሞገዱ ይታያል። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ድግግሞሹን፣ ማለትም 2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ መሆኑን፣ በግልጽ ይጽፋሉ። ድግግሞሹ ካልታያችሁ የግንኙነት ፍጥነቱን እዩ፤ 433 ወይም 866 ካለ 5 ጊጋኸርዝ ነው፣ 72 ወይም 144 ካለ 2.4 ነው። ስልካችሁ ራሱ 5 ጊጋኸርዝ የማይቀበል አሮጌ ከሆነ የጓደኛ ስልክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የማይቀበል ስልክ ያንን ስም ከነጭራሹ አያሳይም።

ምናልባት እቤታችሁ ያለው ራውተር ሁለቱም ሞገዶች ኖረውት ለ«ማስከፈቻ» የምትከፍሉ ትኖራላችሁ። እሱን በነጻ ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። በስልክ ወይም በኮምፒውተር የድረ ገጽ መክፈቻ (ብራውዘር) ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብላችሁ ግቡ፤ ትክክለኛው አድራሻና የይለፍ ቃሉ ራውተሩ ሆድ ላይ ተጽፏል። የገመድ አልባ ቅንብር ውስጥ ለእያንዳንዱ ሞገድ የየራሱ ክፍል ታገኛላችሁ። 5 ጊጋኸርዙን አብሩ፣ ከሌላው የተለየ ስም ስጡት፤ አንድ ዓይነት ስም ከያዙ ስልኩ ራሱ እየመረጠ የትኛው ላይ እንዳላችሁ አታውቁም። ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱን ብታደርጉ ይቀላል። ከ52 ጀምሮ ያሉት ብዙዎቹ ከራዳር ጋር የሚጋሩት ስለሆነ ራውተሩ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አዳምጦ ነው የሚነሳው፤ ራዳር ከሰማም ትቶ ይሄዳል። የቻናሉን ስፋት 80 ሜጋኸርዝ አድርጉ። የዋይፋዩን የጥበቃ ዘዴ ደግሞ ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር (WPA2-AES) አድርጉ፤ ቲኪፕ (TKIP) በሚባለው አሮጌ ዘዴ ላይ ከተዋችሁት ፍጥነቱ ከ54 ሜጋ ቢት አያልፍም፣ ሰውም ተበላሸ ይላል። በራውተሩ ጀርባ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ ግን በመርፌ አትጫኑ። አቅራቢያችሁ ያስገባውን የመግቢያ ስምና ቃል ትደመስሳለች፤ ኢንተርኔቱ ጭራሹን ይጠፋል፣ ከዚያ ለሌላ ባለሙያ ሌላ ክፍያ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የምትከፍሉበትን ጥቅልም እዩ። ወደ ቤታችሁ የሚገባው 10 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ 867ም ተጽፎ 10 ነው የሚደርሳችሁ። እኔን ይጠቅመኝ የነበረው ከጎረቤት ግፊያ መውጣቱ ነበር፣ ያውም ልጄ የምትማረው ራውተሩ ባለበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ። ከራውተሩ ሁለት ግድግዳ ርቃችሁ ከሆነ 2.4ቱ ይሻላችኋል። ላፕቶፕ በገመድ ማያያዝ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ገመዱ ከ700 ብር በጣም ያንሳል።

ባለሙያ ቤታችሁ ገብቶ ከነበረ ዛሬውኑ ሁለቱን የይለፍ ቃሎች ቀይሩ፤ የዋይፋዩንም የቅንብሩ ገጽ መግቢያውንም። የእኔውን ሰውዬው የራሱን ስልክ ቁጥር አድርጎት ነው የሄደው። መግቢያውን ደግሞ ፋብሪካው እንደሰጠው ትቶታል፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ሊገባበት ይችል ነበር።

ይህን ልጽፍ የተቀመጥኩት ባለፈው እሑድ ነው። ልጄ የጎረቤቶችን ዋይፋይ የሚያሳየውን ነጻ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭናልኝ ዝርዝሩን ስናይ፣ ስማቸው በ5ጂ የሚያልቅ ስድስት አገኘን። አራቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው። ከአራቱ የአንዱ ስም ከእኛ ወለል በታች ያሉ የአንዲት እናት ስም ነው። ወርጄ አንኳኳሁ። ግባ ብለውኝ ገብቼ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ከተከፈተ ወዲህ ፈጥኗል እኮ» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ ዝርዝሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው 2.4 የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አንተን ስንት አስከፈለህ?»

«700።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እኔን 900 ነው ያስከፈለኝ» አሉ።