ከመኪና ግርግር ገባ ብሎ፦ ምልክት የተመታባቸው ጠገራ ብሮች የሚገኙባት ሱቅ

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚያወርደው የመኪና ግርግር መንገድ፣ የልብስ ሰፊዎቹን ድምፅ አለፍ ብሎ በሚታጠፍ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አንዲት የብር ጌጣጌጥ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ግርግር የማይወዱ አዛውንት ስለሆኑ የእሳቸውንም የሱቋንም ስም አልጽፍም። አብዛኛው ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለአምባርና ለድሪ ነው፤ እኔ ግን ስድስት ዓመት ያህል የተመላለስኩት ለጠገራ ብር (የማርያ ቴሬዛ መልክ ላለበት የድሮ የብር ገንዘብ)፣ በተለይም ከታተመ በኋላ ሌላ እጅ ተጨማሪ ምልክት ለመታበት ጠገራ ነው።

ይህን ፍላጎት ያሳደረብኝ አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የላከልኝ አንድ ያረጀ የስፔን ባለሁለት ሬያል የብር ሳንቲም ነው። የንጉሡ መልክ በመዳሰስ ብዛት ጠፍቶ፣ በልሙጡ መካከል የአንድ አንጥረኛ ስም ተመትቶበታል። የስፔን ብር በአሜሪካ እስከ 1857 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕግ የታወቀ መገበያያ ስለነበረ፣ የአገሩ አንጥረኞች በማንኪያና በጽዋ ላይ የሚመቱበትን የስም ብረት አንዳንዴ በሳንቲምም ላይ ያሳርፉት ነበር፤ አንዱ አዲስ ያስቀረጸውን ብረት ለመሞከር፣ ሌላው ስሙ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞርለት። የኒውዮርኩ አንጥረኛ ኤፍሬም ብራሸር ደግሞ በእጁ በገቡ የውጭ አገር የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት ሲመታ፣ ክብደታቸው ትክክል መሆኑን መመስከሩ ነበር።

ሳንቲሙን ይዤ የሄድኩ ዕለት የሱቋ ባለቤት ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ሰውየው ስሙን በአምባር ላይ ቢመታው ይገባኛል፤ በሰው ገንዘብ ላይ ምን አገባው?» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ከልባቸው ሳቁና፣ «የተበላሹት» የሚሏቸውን ጠገራዎች ያጠራቀሙበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከባንኮኒው ሥር አወጡልኝ። ለአንገት ጌጥ ሲባል የተበሱ፣ ማንጠልጠያ የተበየደባቸው፣ የለዋጭ ወይም የአንጥረኛ ምልክት ያረፈባቸው ሁሉ በአንድነት ተቀላቅለው ከደህናው ጠገራ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሰው ይሸጣሉ። ለእኔ የሱቋ ትልቁ ጸጋ ይህ የዋጋ አሠራር ነው፤ ሌላው ሰብሳቢ አብልጦ የሚከፍልበት ምልክት እዚህ እንደ ጉዳት ይቆጠራልና።

ሐጂ እያንዳንዱን ጠገራ በገዢው ፊት ይመዝናሉ። ያልተነካ የማርያ ቴሬዛ ብር 28.07 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በላዩ ያለው 1780 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችበት እንጂ የግድ ሳንቲሙ የታተመበት ስላልሆነ፣ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ የታተሙትም ይህንኑ ቁጥር ይዘዋል። ስለዚህ «የ1780 ነው» የሚል ሻጭ ምንም አልነገረንም፤ ሐጂም ይህን ለገዢው ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ጠርዙን በጣት መዳሰስ ግን ይጠቅማል። ሰዎች ብሩን በጥቂቱ ቆርጠው እንዳያስቀሩ በጠርዙ ዙሪያ ጎልቶ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የወለቀ ሲሆን ጽሑፉ በዚያ ቦታ በብየዳው ተደፍኖ ይገኛል።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ራሱ ምልክቱ ነው። ባለፈው ዓመት ሐጂ «ሒጃዝ» (የመካና የመዲና አገር ስም) የሚል የዐረብኛ ምልክት የተመታበት ጠገራ አሳዩኝ። ይህ ምልክት ለሰብሳቢ ሲባል በብዛት ተመስሎ የሚመታ በመሆኑ፣ እኔ መጀመሪያ የተመለከትኩት ጽሑፉን ሳይሆን የሳንቲሙንና የምልክቱን መበላት ነው። የንግሥቲቱ ፀጉርና የትከሻዋ ጌጥ ተልጠው ሳለ የምልክቱ ጠርዝ እንደ አዲስ ምላጭ የሰላ ነበር፤ አብረው ገበያ የዞሩ ቢሆኑ አብረው ባረጁ ነበር። ቀጥዬ ሳንቲሙን ገለበጥኩት፤ ብረት በኃይል ሲመታ በተቃራኒው ገጽ ያለውን ቅርጽ ጠፍጥፎ ማስተኛቱ ስለማይቀር፣ እውነተኛ ምልክት ከኋላው ብዙ ጊዜ ጥላውን ይተዋል። ሐጂ አልተከራከሩኝም፤ ጠገራውን ወስደው በክብደቱ ብቻ ከሚሸጡት ጋር ደባለቁት። ይህን የሚያደርግ ሻጭ ብዙ አላጋጠመኝም።

ነቀፋዬ ስለ ማጽዳት ነው። በሱቋ የሚሠራው ወጣት የገባውን ብር ሁሉ በሎሚና በአመድ ፈትጎ ያብለጨልጨዋል። ለአምባር መልካም ነው፤ ለጠገራ ግን የዘመኑን ጥቁረት ከምልክቱ ጎድጓዳ ውስጥ ጠርጎ ያወጣና፣ አሮጌውን ምልክት ከአዲሱ የምንለይበትን አንዱን ማስረጃ ያጠፋዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ማንጠልጠያው ብቻ እንዲነሳልኝ የሰጠሁት ጠገራ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ተመለሰልኝ፤ እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። ስለዚህ ዕቃ ስትሰጡ «እንዳይታጠብ» ብላችሁ አስጽፉ። ደረሰኝም ቢሆን ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም፤ በተለይ ከአገር ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ደረሰኙን ተቀብላችሁ አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ።

የምኒልክ ብር በሱቋ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም። የሐረር አሚሮች ያሳትሟት የነበረችውን መሐለቅ ደግሞ እዚያ አንድም ቀን አላየሁም።

ሱቋ ዓርብ ለስግደት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ትዘጋለች። ከሰዓት በኋላ ውስጧ ስለሚጨልም ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ መሄድ ይሻላል፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በበሩ በኩል አግድም ስለምትገባ፣ ጠገራውን በጣት ይዞ ጥቂት ማዘንበል ብቻ ምልክቱን ያለ አጉሊ መነጽር ያሳያል።