ለበረት ሥራ የገዛኋቸው የላስቲክ ጓንቶችና ቦቲ ጫማ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ከባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ሦስት የወተት ላሞችና ሁለት ጥጆች አሉን። በረቱን በየማለዳው የምናጸዳው እኔና ባለቤቴ ነን። እስካለፈው ነሐሴ ድረስ አዛባውን የምንዝቀው በባዶ እጃችን ነበር፤ እበት አቡክቶ አውድማ ያልለቀለቀ፣ ኩበት ያልጠፈጠፈ የገበሬ ልጅ ስለሌለ፣ እበት መንካት የሚያሠጋ ነገር ነው ብለን አስበን አናውቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ጓንትና አንድ ጥንድ ቦቲ ጫማ ገዝቼ ስምንት ወር ያህል ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ የታዘብኩትንም እንደ እኛ ከብት ለሚያረቡ የከተማችንና የአካባቢዋ ሰዎች ማካፈል ወደድኩ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቦቲ ጫማው ከተከፈለበት ዋጋ በላይ ጠቅሞኛል፤ ወፍራሙ ጓንት በየሳምንቱ የሚፈትሸው ካገኘ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ስሱ ጓንት ግን ለበረት ሥራ ባይገዛ ይሻላል፣ ቀዳዳው ሳይታይ ሰውን ያዘናጋልና።

ወደ ገበያ የወሰደኝ ሥጋት ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለላሞቹ ሣር ሳጭድ ማጭዱ የግራ እጄን ሌባ ጣት ቆረጠኝ። ቁስሉ ትልቅ ስላልመሰለኝ በጨርቅ ጠምጥሜው ዋልኩ፤ በማግሥቱም እንደ ወትሮው አዛባ ዛቅሁ። እኩለ ቀን ላይ ጨርቁን ስፈታው ርሶ ነበር፤ በተቆረጠው ቆዳ ከንፈር ሥር፣ ከጥፍሬ ጎን፣ አረንጓዴ የእበት ቅሪት እንደ ቀጭን ክር ተጋድሞ አየሁ። በውሃ ብቻ ሳጥበው አልለቀቀም፤ በሳሙና ደጋግሜ ሳሸው ወጣ፣ ደሙም እንደገና ፈሰሰ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጅነቴ እግሩን እሾኽ የወጋው አንድ ጎረቤታችን ከቀናት በኋላ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጀርባው እንደ ደጋን ተለጥጦ ሲሠቃይ አይቻለሁ፤ መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ የሚባለው ይህ በሽታ ከአፈርና ከከብት እዳሪ ጋር እንደሚያያዝም ሰምቼ ነበር። ጣቴ በጠዘጠዘኝ ቁጥር አፌን እየከፈትኩና እየዘጋሁ መንጋጋዬን ስፈትሽ ነጋ።

ጠዋት የሄድኩበት ጤና ጣቢያ የተቀበለችኝ ሲስተር መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ያነሣቻቸው ጥያቄዎች፣ በኋላ ጓንት ስመርጥ መመዘኛ ሆነውኛል። «ጋሼ፣ የምን እንስሳ ነው? እበቱ ሲነካዎት ቁስሉ ክፍት ነበር? ከስንት ሰዓት በኋላ ታጠቡት? የቴታነስ ክትባት ወስደው ያውቃሉ?» አለችኝ። ክትባት ወስጄ አላውቅም ነበር። በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን እኔ ከዚያ በፊት ተወልጃለሁ፤ ባለቤቴ ግን በእርግዝናዋ ጊዜ ተከትባለች። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ወንዶች ከብት አርቢዎች ጓንት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ ብታቀርቡ ደስ ይለኛል።

ሲስተሯ የነገረችኝ ነገር ግልጽ ነበር። ያልተቆረጠና ያልተላጠ ቆዳ እንደ አጥር ስለሆነ፣ በእበት የተነካ ጤነኛ እጅ ወዲያው በሳሙና ከታጠበ የሚያሳስብ ነገር እምብዛም የለውም፤ የሚፈራው ቁስል፣ አፍና ዓይን ነው። የቴታነስ ተሕዋስ በአፈርና በእንስሳት እዳሪ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል፤ አየር በማያገኝ ቁስል ውስጥ ሲገባ ይራባል፣ ነርቭን የሚጎዳ መርዝም ያመነጫል፤ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ቁስሉን እንደገና አጥባ በአንደኛው ክንዴ ክትባቱን፣ በሌላው ደግሞ ፀረ ቴታነስ ሴረም ሰጠችኝ፤ ሁለተኛውን ክትባት ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከዚያ በ6 ወሩ እንድወስድ ቀጠሮ ጻፈችልኝ። በግቢያችን ስለሚጸዳዳው የጎረቤት ውሻ ስጠይቃት፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በንክሻና በምራቅ እንጂ በእዳሪ አለመሆኑን አስረዳችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ላይ ጠቅልዬ ስፈራቸው የነበሩት በሽታዎች የየራሳቸው መግቢያ እንዳላቸው የገባኝ ያኔ ነው።

በዚያው ሳምንት ከቅዳሜ ገበያ አንድ ሱቅ ሁለት ጥንድ ቢጫ ስስ ጓንት ገዛሁ። ዋጋው ከ5 ሊትር ወተት ሽያጭ አይበልጥም፤ ሻጩም ለከብት ሥራ እንደሚሆን አረጋግጦልኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጓንቱን ሳወልቅ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል እርጥበት ተሰማኝ። ላብ መሰለኝ፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን የላም ሽንት ነበር። የአካፋው እጀታ የሚያርፍበት ቦታ ላስቲኩ ሳስቶ ተተርትሯል፤ እጄን ካልዘረጋሁት በቀር ስንጥቁ አይታይም። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በባዶ እጁ የሚሠራ ሰው እጁ መቆሸሹን ስለሚያይ ቶሎ ይታጠባል፤ በቀዳዳ ጓንት የሚሠራው ግን ሽንትና እበት በሞቀ ላስቲክ ውስጥ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ለአንድ ሰዓት ያህል እንደሚቆይ አያውቅም። የእጅ ቆዳ ሲርስ ይለሰልሳል፣ የነበረበትም ንቃቃት ይከፈታል። በከብትና በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታ ደግሞ የሚገባው በተሰነጠቀና ለረጅም ጊዜ ርሶ በቆየ ቆዳ በኩል ነው። የተቀደደ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል የምለው ለዚህ ነው። ቢጫዎቹ አሁን በወጥ ቤት ዕቃ ያጥባሉ፤ ለዚያ ሥራ እንከን የላቸውም።

ቀጥሎ የገዛሁት እስከ ክርን የሚደርስ ጥቁር ወፍራም ጓንት ነው፤ ዋጋው የቢጫውን ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። መጀመሪያ የማደርገው ነገር ቢኖር ውሃ መሙላት ነው፦ እስከ አንጓው ሞልቼ አፉን እጠመዝዝና በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ጣቶቹ ተወጥረው እንደ ላም ጡት ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ከገዛሁት ሦስት ጥንድ አንዱ ገና ሳይለበስ ከትንሿ ጣት ሥር እንደ ጤዛ ያለች ጠብታ አበቀለ፤ ጠብታዋ አደገች፣ ወረደች፣ ሌላ ተተካች። ሻጩ ሊቀይርልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። የቀሩት ሁለቱ ጥንዶች ግን እነሆ እስከ ሚያዝያ ደርሰዋል፤ የመጀመሪያው በአምስተኛው ወር አውራ ጣቱ ላይ ሳስቶ ለአትክልት ሥራ ተዛውሯል። ወፍራሙ ጓንት ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። እጅ ያልባል፣ ጥጃ ለማሰር ገመድ ለመቋጠር አይመችም፣ ከፍ ያለ ነገር ለማንሣት ክንድ ሲዘረጋም ፈሳሹ በእጅጌው አፍ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ለዚህኛው መፍትሔው ቀላል ነው፤ የእጅጌውን አፍ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ማጠፍ ፈሳሹን ይይዛል። የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ላስቲክን ስለሚያደርቅና ስለሚሰነጥቅ ሁልጊዜ የማደርቀው በጥላ ነው።

አንድ ሳልጠብቀው ያገኘሁት ጥቅም አለ። ከጥጆቻችን አንዱ ግንባሩና ዓይኑ ዙሪያ ጭርት ወጥቶበት ነበር። ጭርት በእዳሪ ሳይሆን በቀጥታ ንክኪ ወደ ሰው የሚጋባ የቆዳ በሽታ ነው፤ መድኃኒት ስቀባው በጓንት በመያዜ ለእኔም ለልጆቼም አልተረፈም።

ይሁንና ጓንት ትልቁን በር አይዘጋም። በእበት ውስጥ ከሚገኙት ጀርሞች መካከል ሳልሞኔላን፣ ኢ ኮላይንና ክሪፕቶስፖሪዲየምን የመሳሰሉት፣ ተቅማጥ የሚያስከትሉት፣ የሚገቡት በእጅ ቆዳ ሳይሆን በአፍ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጓንቴን እንዳጠለቅኩ የግንባሬን ላብ ስጠርግ፣ ስልኬን ሳነሣ፣ አንድ ቀንም የወተቱን ባልዲ በዚያው ጓንት ስይዝ ባለቤቴ ደርሳብኝ «ኧረ እባክህ፣ ልጆቹ የሚጠጡት ነው!» ብላ ነጥቃኛለች። ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አካፋውና ጓንቱ በረት ውስጥ ይቀራሉ፤ ወደ ወተት የሚሄደው በሳሙና እስከ ክርኑ የታጠበና የደረቀ ባዶ እጅ ብቻ ነው።

ወደ ቦቲ ጫማው ልመለስ። ከጉልበት በታች የሚደርስ ጥቁር የላስቲክ ጫማ ሲሆን፣ ዋጋው የአንድ ኩንታል ፉርሽካ ሲሶ ገደማ ወስዶብኛል። ሽንት በፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ ሶሉ አጥብቆ ይይዛል፤ ከዚህ በፊት በሸበጥ ስሠራ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ያለ ካልሲ የሚለብሰው ሰው ግን ተረከዙን ስለሚልጠው፣ ቁስልን ለመከላከል የተገዛው ጫማ ራሱ ቁስል ይፈጥራል። እኔ የተጠነቀቅኩት አንድ ሳምንት አቁስሎኝ ካየሁት በኋላ ነው። ማጽዳቱ ቀላል ነው፦ እግሬ ውስጥ እንዳለ ውጩን በብሩሽና በውሃ ፈትጌ በበረቱ በር ላይ አወልቀዋለሁ፤ ወደ ቤት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ጫማው ያገለገለኝ ሐይቁ ዳር ነው። ከክረምት በኋላ ጣና ሞልቶ በሚሰፋበት ጊዜ ላሞቻችን ውሃ የሚጠጡትና ሣር የምናጭደው ደንገል ባለበት ረግረግ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን ነገር በጥንቃቄ ልጻፍ። በእኛ አካባቢ የሚገኘው ቢልሃርዝያ የሚመጣው ከከብት እበት አይደለም፤ የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፣ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያም በዓይን የማይታየው እጭ ጤነኛውን ቆዳ ጭምር በስቶ ወደ ሰው ይገባል። እበት ሲነካን የምንደነግጥ ሰዎች፣ ከእበቱ ለመጽዳት እግራችንን ሐይቁ ዳር ነክረን እንታጠባለን፤ የሚያሠጋው ግን ያ መታጠብ ነው። ጫማው ውሃው ከአፉ ካላለፈ በቀር እግርን በደንብ ይጠብቃል፤ ጥቅምት ላይ አንድ ጊዜ ውሃው አልፎ ገብቶብኛል፣ ከሁለት ወር በኋላም ዓይነ ምድሬን አስመርምሬ ነፃ መሆኔ ተነግሮኛል። ምርመራው ቶሎ ቢደረግ እንቁላሉ ገና ስለማይታይ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ለበሽታው ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው። ቀንድ አውጣውን በእንዶድ መግደል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የደረሱበት የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው፤ እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት የነበረው ያው እንዶድ ነው፣ ይህን በማንሣቴም እኮራለሁ።

ሁለቱም ዕቃዎች የማይበቁበት ሥራ አለ፤ እርሱም ላም ማዋለድ ነው። ከወለደች በተለይም ካስወረደች ላም ፈሳሽና የእንግዴ ልጅ ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ ወደ ሰው ሊጋባ ይችላል፤ እኔ የገዛሁት ጓንት እስከ ክርን ብቻ ስለሚደርስ የካቲት ላይ አንዷ ላማችን ስትወልድ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ደወልን። እርሱ እስከ ትከሻው የሚደርስ፣ አንድ ጊዜ ለብሶ የሚጥለው ስስ የፕላስቲክ ጓንት ይዞ መጣ።

ጣቴ ጠባሳ ብቻ ቀርቶበት ድኗል፤ ሦስተኛውን ክትባትም መጋቢት ላይ ወስጃለሁ። አሁን ጓንት የምገዛው ሌላ ሱቅ ሲሆን፣ ባለሱቁ ከመክፈሌ በፊት በጆግ ውሃ አምጥቶ እንድሞላው ይፈቅድልኛል። ያልተፈታው ነገር መጠኑ ነው። ወፍራሙ ጓንት የሚመጣው በትልቅ ቁጥር ብቻ ስለሆነ በባለቤቴ እጅ ላይ ይዋልላል፤ እርሷም ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ አንጓው ላይ አስራው ትሠራለች። በትንሽ ቁጥር የሚሸጥበትን ሱቅ ባሕር ዳር ውስጥ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ጠቁሙን።