ለኮምፒውተር ደህንነት ማንን ልክፈል? የሰፈር ቴክኒሺያን፣ ትልቅ ድርጅት ወይስ የሦስት ቀን አማካሪ

ጅማ ውስጥ የአራት ድርጅቶችን ሂሳብ እሠራለሁ። ቡና ላኪ፣ መድኃኒት ቤት፣ ሆቴልና የግል ትምህርት ቤት ናቸው። ሰሞኑን ከማናቸውም ጋር ሻይ ቡና ስንል ጥያቄው አንድ ነው። «ለዚህ ለሳይበር ነገር ማንን ላምጣ? ስንትስ ይጠይቀኛል?» በስልክ ከምደጋግመው ብጽፈው ይሻላል።

መጀመሪያ የእኔን ኪሳራ ልንገራችሁ። በ2015 መጨረሻ ላይ ከአንድ የኮምፒውተር ሱቅ ክራክ የሆነ (ያለ ፈቃድ የተሰበረ) ፒችትሪ የሚባል የሂሳብ ፕሮግራም በ1,500 ብር፣ ኦሪጅናል ነው የተባለ አንቲቫይረስ ደግሞ በ2,200 ብር ገዛሁ። ልጁ ክራኩን ሲጭን አንቲቫይረሱን አጠፋው። «ካልጠፋ አይቀበልም» አለኝ፤ አመንኩት። የአንቲቫይረሱ ቁልፍም ለስንት ሰው እንደተሸጠ እንጃ፣ በሁለተኛው ወር ተዘጋ።

ጥቅምት 20 ቀን 2016 ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት አንድም ፋይል እሺ አላለኝም። የሁሉም ስም መጨረሻው ላይ የማላውቃቸው አራት ፊደሎች ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀምጣለች። የመክፈቻው ዋጋ 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚመጣ 490። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 490ው ወደ 27,000 ብር ነበር። ዛሬ ቢሆን ከእጥፍ በላይ ነው። የግብር ማሳወቂያው የሚዘጋው ጥቅምት 30 ነው። አሥር ቀን ቀርቶኛል።

ቴክኒሺያኑን ጠራሁት። «እህቴ፣ መፍትሔው ፎርማት ነው» አለኝ። 600 ብር ተቀብሎ ፎርማት አደረገው፤ ዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ከክራኩ ጋር የገዛሁት ቫይረስ ስቶፕ የሚባለው ዘር እንደሆነ፣ በዋነኛነትም በክራክ ሶፍትዌር እንደሚዛመት ያወቅኩት በኋላ ነው። ከዚህ ዘር አንዳንዶቹን የሚፈታ ነፃ ፕሮግራም ከ2012 ጀምሮ እንደነበረም የሰማሁት ያኔ ነው። ዲስኩ ሳይነካ ቢቀመጥ ኖሮ ቢያንስ ተስፋ ነበረው። ዘጠኝ ሌሊት ከደረሰኝ ላይ አንድ በአንድ እያነበብኩ መልሼ አስገባሁ።

ስለዚህ ቴክኒሺያን ለቴክኒሺያን ሥራ ነው። ፕሪንተር ሲይዝ፣ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ዛሬም እደውልለታለሁ። ለደህንነት ግን ርካሽ የሚመስለው ስላልተደመረ ነው። በ2015 ለአንድ ድርጅት ብቻ 14 ጊዜ መጥቷል፣ በአማካይ በ700 ብር። 9,800 ብር ሆነ። ደረሰኝ ስለሌለው ከወጪ አይያዝም፤ ግብር ይከፈልበታል።

ትልቁ ድርጅት ሌላ ዓለም ነው። ለቡና ላኪያችን ከአዲስ አበባ የመጣው ፕሮፎርማ 420,000 ብር ይላል፣ ከቫት ውጪ። 15 በመቶው ሲጨመር 483,000 ሆነ። የሦስት ሰው አበልና አልጋ ደግሞ በእኛ ላይ ነው። የሥራቸውን ናሙና ብለው የላኩልንን ሪፖርት ሙሉውን አነበብኩት። ወፍራም ነው፣ አብዛኛው ግን ማሽን ያወጣው ዝርዝር ነው። ለባንክ ወይም ለትልቅ ፋብሪካ ተገቢ ይሆናል። ስድስት ኮምፒውተር ላለው የቡና ቢሮ ግን ብሩን መበተን ነው።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ያለው፣ በቀን ሂሳብ የሚሠራ አማካሪ። የእኛ በቀን 15,000 ብር ጠየቀ። ሦስት ቀን 45,000፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ግማሽ ቀን በ7,500፣ አራት ጊዜ 30,000። የመንገዱና የአልጋው ሳይጨመር ለመጀመሪያው ዓመት 75,000 ብር ማለት ነው። ላኪው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነው። ወጪው በደረሰኝ ሲያዝ 22,500 ብር ከግብሩ ይቀንሳል። የእውነት የሚወጣው 52,500 ነው። ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው አማካሪው ከሆነው በላይ ውድ ይመስለዋል።

ከሁሉም የበለጠ የሚጠቀመው ቡና ላኪ ነው። በሁለተኛው ቀን አማካሪው የባለቤቱን ኢሜይል ሴቲንግ ከፈተ። የላኪው ባለቤት ሀጂ አጠገቡ ተቀምጠው ያያሉ። ኢንቮይስ የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ወደ አንድ አድራሻ እንዲተላለፍ ተደርጎ ነበር። «ሀጂ፣ ይሄ አድራሻ የእርስዎ ነው?» አላቸው። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ። አይደለም። የሠራተኞቻቸውም አይደለም። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይሄ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያነበን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንዲህ ያለው ሌባ ወዲያው አይነካም። ጭነቱ እስኪደርስ ያነባል። ከዚያ በእናንተ ስም፣ አንድ ፊደል ብቻ በተለወጠ አድራሻ ለገዢው ይጽፋል፤ የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል ብሎ። አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል። 19,200 ኪሎ ቡና ነው። በዛሬ ዋጋ እናንተው አባዙት፣ ከ75,000ው ጋር አወዳድሩት። መፍትሔው ደግሞ አንድ ብር አላስወጣም። ፓስዎርድ ተቀየረ፣ ኢሜይሉ ያለ ስልክ ኮድ እንዳይከፈት ተደረገ፣ ለገዢዎቹም የባንክ ለውጥ በስልክ ድምፃችንን ሳትሰሙ አትቀበሉ ተብሎ ተጻፈ።

መድኃኒት ቤቱ ሁለት ቀን በቃው። ስቶኩም የሚያበቃበት ቀንም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ስለዚህ ሥራው ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። ክሊኒክ ያላችሁ ግን ሰፋ አድርጋችሁ አስቡት። የላብራቶሪ ማሽን ኮምፒውተሮች ላይ ዛሬም ዊንዶውስ 7 አለ፤ ድጋፉ የቆመው ጥር 2012 ነው። ማሽኑን መቀየር አይቻልም። ጥሩ አማካሪ ከኢንተርኔት ለይቶ ያስቀምጥላችኋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የታካሚ መረጃ መውጣት ሐሜት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው።

ሆቴሉ ውስጥ የእንግዳው ዋይፋይና የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር በአንድ ራውተር ላይ ናቸው። የካሜራው ፓስዎርድም ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ሁለት ቀን ይበቃል። ለትምህርት ቤት አንድ ቀን። ልብስ ቤት ወይም ሸቀጣ ሸቀጥ ከሆነ ለአማካሪ ምንም አትክፈሉ። የእናንተ አደጋ የውሸት የቴሌብር መልእክት ነው። ደንበኛው የሚያሳያችሁን ስክሪን ተዉትና በራሳችሁ ስልክ ላይ ከ127 መግባቱን እዩ።

አማካሪውም ፎርጂድ አለው። ትምህርት ቤቱ ጋ አንድ ሰው መጥቶ በነፃ ፕሮግራም ስካን አደረገ፣ የራሱን ሎጎ ለጥፎ አተመና 25,000 ብር ጠየቀ። አንድም ኮምፒውተር ከፍቶ አልነካም። ሌላው ደግሞ ምክሩ ሁሉ የሚያልቀው እሱ የሚሸጠው አንቲቫይረስ ላይ ነው። እኔ አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ። «ከባክአፑ ላይ የትናንቱን ሂሳብ አሁን መልሰህ አሳየኝ።» የእኛው ሰው ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኩን ሰካ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ ባዶ ላፕቶፕ ላይ የትናንቱን ሂሳብ ከፈተልኝ። ከዚያ ዲስኩን ነቅሎ በእጄ ሰጠኝ። ተሰክቶ ከቀረ ቫይረሱ እሱንም ይበላዋል አለኝ። አሁን በየወሩ መጀመሪያ እኔው ራሴ እሞክረዋለሁ።

ዋጋ ላይ ተከራከሩ፣ ግን ቀኑን እንጂ የቀኑን ዋጋ አታስቀንሱ። ትራንስፖርቱንም ተጋሩ። ሰውየው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ነው የሚመጣው። ላኪውና መድኃኒት ቤቱ በአንድ ሳምንት ስላመጡት የአውሮፕላኑንና የአልጋውን ወጪ ለሁለት ተካፈሉት፣ እያንዳንዳቸው 9,000 ብር ገደማ ቀነሰላቸው። ሆቴሉና ትምህርት ቤቱ በሚቀጥለው ወር አንድ ላይ ሊጠሩት ነው። ሦስተኛ ድርጅት ከተገኘ የመንገዱ ወጪ ለሦስት ይሆናል።