ስም ያላቸውን የቼስ መክፈቻዎች የት እንፈልግ? የአራት ዝርዝሮች ግምገማ

የቼስ መክፈቻዎችን፣ ማለትም ጨዋታ የሚጀመርባቸውን የታወቁ የእርምጃ ቅደም ተከተሎች፣ ስም የያዘ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ገጥሞታል። ወይ በአንድ ትንታኔ ላይ «ግሩንፌልድ» ወይም «ካሮ-ካን» የሚል ስም ሰምቶ እርምጃዎቹን ማወቅ ይሻል፤ ወይም ራሱ የተጫወተው ጨዋታ ፊቱ ተቀምጦ ስሙ ጠፍቶበታል። ጥያቄዎቹ ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ይበቃል፤ ሁለተኛው ግን ከቦርዱ ተነሥቶ ወደ ስሙ የሚያደርስ መንገድ ይጠይቃል። በቅርብ ወራት አራት ማጣቀሻዎችን ጎን ለጎን እያየሁ ስጠቀም የመዘንኳቸው በዚህ ነው።

ወደዚህ ንጽጽር የገፋኝ አንድ ስሙን የማልጠቅሰው የስልክ መተግበሪያ ነበር። ሁለት መቶ የሚሆኑ ስሞችን በፊደል ተራ ደርድሮ ከእያንዳንዱ ሥር አጭር መግለጫ ያስቀምጣል፤ እርምጃዎቹን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ተራ አያሳልፍም። ስሞቹን በትጋት አጠናሁ፤ ከዚያ በቦርዱ ላይ የተቀመጡ አሥር አቋሞች (የጠጠሮች አቀማመጦች) ሲሰጡኝ ሦስቱን ብቻ ለየሁ። ያለ አቋም የተሸመደደ ስም ፊቱን ያላዩትን ሰው ስም እንደ መያዝ ነው።

በተጽዕኖ ቀዳሚው በቤልግሬድ የታተመው የቼስ መክፈቻዎች ኢንሳይክሎፒዲያ ሲሆን ተጫዋቾች በአጭሩ «ኢኮ» ይሉታል። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው መክፈቻዎችን ሁሉ ከኤ እስከ ኢ ባሉት አምስት የላቲን ፊደላት በአምስት ቅጽ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቅጽ ከ00 እስከ 99 ቁጥር ስለሚሰጥ በድምሩ 500 ኮዶች አሉት። የፈረንሳይ መከላከያ ከሲ00 እስከ ሲ19፣ የስፔን መክፈቻ ከሲ60 እስከ ሲ99፣ ኒምዞ-ኢንዲያን ከኢ20 እስከ ኢ59 ይገኛሉ። መጻሕፍቱ ከቃል ይልቅ በምልክት የሚናገሩ በመሆናቸው የየትኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ይገለገልባቸዋል፤ በዚሁ ምክንያት ግን ስም ለሚፈልግ ሰው ብቻቸውን አይበቁም። ዛሬ ከኮዶቹ ጎን የምናያቸውን ስሞች በአብዛኛው የለጠፉት ሌሎች ናቸው።

የኮዶቹ አከፋፈል እኩል አይደለም፤ ይህንን ሳያውቁ መጠቀምም ያሳስታል። የሲሲሊያን መከላከያ ከቢ20 እስከ ቢ99 ድረስ ሰማንያ ኮዶችን ሲይዝ፣ ከእነዚህ ውስጥ የናይዶርፍ ቅርንጫፍ ብቻውን ከቢ90 ጀምሮ አሥሩን ወስዷል። በአንጻሩ የስካንዲኔቪያን መከላከያ ሙሉ በሙሉ በቢ01 ውስጥ ታጭቋል፤ ኤ00 ደግሞ ነጭ የጂ ወይም የቢ ወታደሩን ሁለት ቤት ገፍቶ እንደሚጀምርባቸው ያሉ ያልተለመዱ አጀማመሮችን የሚያከማች ጓዳ ነው። ኮዶቹ የተመደቡት አዘጋጆቹ በዘመናቸው ብዙ ጥናት ያዩበትን መንገድ አስፍተው፣ ጥቂት ያዩበትን አጥብበው ነው። ዛሬ እጅግ የተወደደው የለንደን ሥርዓት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ነጭ ንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ወደ ዲ4 (ፊደሉ የቦርዱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል) ገፍቶ ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ የሚያስቀምጥበት ይህ አጨዋወት ለተጫዋቹ አንድ ነገር ነው፤ በኮዶቹ ግን እንደ ጥቁር አመላለስ ዲ00፣ ዲ02፣ ኤ46 ወይም ኤ48 ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ስለዚህ «የለንደን ኮድ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ አያገኝም፤ ዝርዝሩ አንድ መልስ ከሰጠውም ሊጠራጠረው ይገባል።

ስለ ስሞቹ ታሪክ ማወቅ ለሚወድ የዴቪድ ሁፐርና የኬኔት ኋይልድ «ኦክስፎርድ ኮምፓኒየን ቱ ቼስ» እስካሁን አቻ አላገኘሁለትም። በ1992 የወጣው ሁለተኛው እትም በአባሪው 1327 ስም ያላቸው መክፈቻዎችንና ቅርንጫፎችን ቆጥሮ ያስቀምጣል። በዋናው ክፍል ስሙን በፊደል ተራ ያገኙታል፤ እዚያ ያለው ቁጥር ወደ አባሪው፣ አባሪውም ወደ እርምጃዎቹ ይመራል። የመጽሐፉ ጥቅም የሚገለጠው ስሞቹ ከየት እንደ መጡ ሲፈተሽ ነው። የስኮትላንድ ጨዋታ ስሙን ያገኘው በ1824 በተጀመረው የኤድንብራና የለንደን የደብዳቤ ግጥሚያ ነው፤ የፈረንሳይ መከላከያም እንዲሁ ፓሪስ ለንደንን በደብዳቤ በገጠመችበት በ1830ዎቹ ጨዋታ። ካሮ-ካን የሁለት ሰዎች ስም ነው። የኢቫንስ ጋምቢት (ጋምቢት ለተሻለ ቦታ ሲባል ወታደር የሚሠዋበት አጀማመር ነው) ደግሞ የአንድ መርከብ አዛዥ መታሰቢያ ሆኗል። ወረቀት ግን ወረቀት ነው፦ አቋም ይዞ የመጣ አንባቢ የሚገባበት በር የለውም፤ ከ1992 በኋላ የሆነውንም አያውቅም። ቭላዲሚር ክራምኒክ በ2000 ለንደን ላይ ጋሪ ካስፓሮቭን ባሸነፈበት ግጥሚያ ያነገሠው አሮጌው የበርሊን መከላከያ «የበርሊን ግንብ» እየተባለ የሚጠራበት ዝና ከመጽሐፉ በኋላ የመጣ ነው።

የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ዝርዝር በኢኮ ኮድ ቅደም ተከተል የተደረደረ ሲሆን ከብዙዎቹ ስሞች ወደ ራሳቸው ገጽ ይወስዳል። በሰዎችና በቦታዎች ስም የተሰየሙትን ለይተው የያዙ ዝርዝሮችም አሉት። ለንባብ መልካም ነው፤ በእርምጃ ለመፈለግ ግን አይመችም።

ዕለት ተዕለት የምከፍተው አራተኛውን ነው። ሊቼስ የተባለው ነጻ የቼስ መድረክ የመክፈቻ ስሞቹን ስብስብ ማንም እንዲገለገልበት ያለ ምንም የባለቤትነት ገደብ ለቅቆታል። ስብስቡ ከኤ እስከ ኢ በተሰየሙ አምስት የጽሑፍ ፋይሎች የተቀመጠ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ኮዱን፣ ስሙንና እርምጃዎቹን ይዟል፤ ረድፎቹም ከሦስት ሺህ በላይ ናቸው። በተመን ሉህ ፕሮግራም ሲከፈት በኮድ ማጣራት፣ በስም መደርደር፣ የራስን ማስታወሻ በአዲስ ዓምድ መጨመር ይቻላል። የስሞቹ አጻጻፍም ሥርዓት አለው፦ መጀመሪያ ቤተሰቡ፣ ከሁለት ነጥብ በኋላ ቅርንጫፉ፣ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ንዑስ ቅርንጫፉ ይመጣል። ስለዚህ «ሲሲሊያን» ብሎ የፈለገ ሰው መላውን ዘር ከነልጅ ልጆቹ ያገኛል።

ከሌሎቹ የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ስሙን ከእርምጃ ተራ ጋር ሳይሆን ከአቋም ጋር ማሰሩ ነው። ለመፈተን የሚከተለውን ጨዋታ አስገባሁ፦ ነጭ ሲ4፣ ጥቁር ኢ6፤ ነጭ ፈረስ ወደ ሲ3፣ ጥቁር ዲ5፤ ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ፈረስ ወደ ኤፍ6። አጀማመሩ የእንግሊዝ መክፈቻ ነውና የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ብቻ የሚያይ ዝርዝር ኤ13 ብሎ ይተወዋል። ሦስቱ ተራዎች ሲያልቁ ቦርዱ ላይ ያለው ግን የንግሥት ጋምቢትን ባለመቀበል የሚደረስበት የታወቀ አቋም፣ ዲ35 ነው። አቋምን የሚከተለው ዝርዝር በተራው መጨረሻ ትክክለኛውን ስም ሰጠኝ። በተለያየ መንገድ ወደ አንድ አቋም መድረስ በንግሥት ወታደር አጀማመሮች ዘንድ የዘወትር ነገር ስለሆነ ይህ ባሕርይ ለእኔ ከስሞቹ ብዛት ይበልጣል።

ጉድለቱን አልሸሽገውም። የስም አመጣጥን አይነግርም፤ በታላላቅ ውድድሮች የተፈተነውን መስመርና አንድ ሰው ለጨዋታ ያህል የሰየመውን ጋምቢት በአንድ ዓይነት ረድፍ ያስቀምጣቸዋል። ጀማሪ ሁሉንም በእኩል ዓይን ቢያይ አይፈረድበትም። ኮዶቹን ራሳቸውን ይበልጥ ማጥራት የሚፈልግ ደግሞ ሲድ የተባለውን ነጻ የዳታቤዝ ፕሮግራም ሊመለከት ይችላል፤ ከእያንዳንዱ ኮድ ኋላ ትንንሽ ፊደላት እየጨመረ ንዑስ ክፍሎችን ይለያል።

በየትኛውም ዝርዝር ቢሠሩ የሚያስቸግረው የስሞቹ አለመጽናት ነው። በእንግሊዝኛ ሩይ ሎፔዝ የሚባለው በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የስፔን ጨዋታ ነው፤ የፔትሮፍ መከላከያ የሩሲያ መከላከያ ተብሎም ይጠራል፤ የቤንኮ ጋምቢትን የቮልጋ ጋምቢት የሚሉም ብዙ ናቸው። ነጭ ቢ4 ብሎ የሚጀምርበት መክፈቻ ደግሞ የፖላንድ፣ የሶኮልስኪና የኦራንጉታን የሚሉ ሦስት ስሞች አሉት፤ የመጨረሻው በ1924 የኒው ዮርክ ውድድር ወቅት ተጫዋቹ ሳቪየሊ ታርታኮወር መካነ አራዊት ሄዶ ካየው ዝንጀሮ ጋር የተያያዘ ነው። በላቲን ፊደል ሲፈለጉም ሌላ ጣጣ አለ። «መከላከያ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብሪታንያውያን በሲ፣ አሜሪካውያን በኤስ ይጽፉታል፤ ዊኪፒዲያ በአብዛኛው የመጀመሪያውን፣ ሊቼስ ሁለተኛውን ይከተላል። «ግሩንፌልድ» በሁለት ነጥብ በተሸለመው የጀርመንኛ ፊደልም ያለ ነጥብም ይጻፋል። እንግዲህ ሙሉ ስሙን ጽፎ ምንም ያላገኘ ሰው ዝርዝሩ ጎደሎ ነው ከማለቱ በፊት «መከላከያ» የሚለውን ቃል ትቶ የስሙን ግማሽ ብቻ ይሞክር።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ችግሩ በአንድ እጥፍ ይጨምራል። የጨዋታው ነባር ስም «ሰንጠረዥ» ዛሬ ለተደረደረ መረጃም ስለሚያገለግል፣ ይህ ሁሉ ግምገማ ስለ ሰንጠረዥ ሰንጠረዦች ነው ማለት ይቻላል። የመክፈቻዎቹን ስም ስናመጣ አንዱ «ናይዶርፍ»፣ ሌላው «ናጅዶርፍ» ብሎ ይጽፋል። በራሴ ማስታወሻ ላይ መፍትሔ ያደረግሁት ስሙን በአማርኛ እንደተሰማኝ ጽፎ ከጎኑ የኢኮ ኮዱንና የመጨረሻውን አቋም ማስቀመጥ ነው። ቢ90 በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ወደ ናይዶርፍ ይመልሰኛል፤ ለንደንን ለመሰሉ መክፈቻዎች ግን ኮዱን በእርሳስ፣ አቋሙን በቀለም እጽፋለሁ።