ጀርመናዊውን አያቴን ያገኘችልን ባለሙያ

እማዬ ደብረ ማርቆስ ተወልዳ እዚያው ያረጀች ናት። በእናቷ በኩል ሰባት ቤት ሳትሳሳት ትቆጥራለች። በአባቷ በኩል ግን አንድ ስም ጠርታ ታቆማለች። አባቷ ጀርመናዊ የወፍጮ መካኒክ ነበር፤ እሷ ገና ልጅ ሳለች ሞተባት። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ጋብቻ በታሰበ ቁጥር ዘር ይቆጠራል፤ እሷም ያን ጊዜ ዝም ትላለች። ይሄ ነገር ስላንገበገበን ጀርመን አገር የዘር ሐረግ የሚያጠና ባለሙያ ቀጠርን።

መጀመሪያ የያዝነው ድርጅት ገንዘባችንን በላ። በእማዬ ፓስፖርት ላይ መጨረሻ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ፈለጉ። እሱ እኮ የአባቷ የራሱ መጠሪያ ነው፣ እንደኛ አገር ወግ የተጻፈ! ከሁለት ወር በኋላ በዚያ ስም የተሠራ የጋሻ አርማ ላኩልን። ከአያቴ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሁለተኛዋን ያገኘችልን ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ክፍያውንም የፈጸመችልን እሷ ናት፣ በሰዓት 60 ዩሮ። ይቺ ባለሙያ ሳንቲም ሳትቀበል ሦስት ነገር ጠየቀችን። የመንደሩ ስም ማን ነው? ሃይማኖቱስ? በ1890 ተወለደ ያላችሁት በማን አቆጣጠር ነው? እዚህ ላይ አመንኳት። የኛ 1890 እነሱ ጋ 1897 ወይም 1898 ነው፤ የፊተኞቹ ዝም ብለው የነሱን 1890 ነበር ያገላበጡት።

ስለ መንደሩ ስም አጥብቄ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጀርመን ውስጥ መዝገቡ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስም ብቻ ጽፋችሁ የምታገኙት አይደለም። የመንግሥት የልደት መዝገብ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በነሱ አቆጣጠር በ1876 ሲሆን እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ይይዛል። ከዚያ በፊት ያለው በየቤተ ክርስቲያኑ ነው። እኛን ያዳነን እማዬ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው የአያቴ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በውስጡ ልጅ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ የተሰጠው ወረቀት ነበር። ጽሑፉ ኩረንት የሚባለው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ ባሕር ዳር ያለው ጀርመንኛ የሚችል ጓደኛዬ እንኳ አገላብጦ አገላብጦ መለሰልኝ። ባለሙያዋ ግን በስልክ ካነሳሁት ፎቶ ላይ በማግሥቱ አነበበችው። የአያቴ መንደር ሽቱትጋርት ከተማ አጠገብ ያለች የሉተራን መንደር ናት።

ያ አካባቢ ቩርተምበርግ ይባላል። እዚያ በነሱው አቆጣጠር ከ1808 ጀምሮ ቄሶቹ አባት፣ እናትና ልጆችን በአንድ ገጽ የሚጽፉበት የቤተሰብ መዝገብ ይይዙ ነበር። የአያቴ ቤተሰብ ገጽ ተገኘ! ከስሙ ጎን «አቢሲኒያ» የምትል ቃል አለች። ያቺን ሳይ እንባዬ መጣ።

ከመንግሥት መዝገብ ለምትፈልጉ፣ የልደት 110፣ የጋብቻ 80፣ የሞት 30 ዓመት ካልሞላው ለማንም ሰው አይከፈትም፤ ቀጥተኛ ተወላጅ ከሆናችሁ ግን ማስረጃ ይዛችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። በወር ያልቃል ያለችው ሦስት ወር ፈጀ። ሪፖርቱም በጀርመንኛ ብቻ ስለሆነ የአክስቴ ልጅ ቁጭ ብላ ተረጎመችው። በሰባት ሰዓት ሥራ 420 ዩሮ ከፈልን፤ ለኛ ብዙ ነው፣ ግን አልቆጨኝም። ጉዳይ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ እሷን ነው የምነግረው።

እማዬ አሁን በአባቷ በኩል አምስት ትቆጥራለች። ስሞቹን በአማርኛ ፊደል አስጽፋኝ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ከታቸዋለች።