ጋጣው በር ላይ ስልኩ ለተጻፈው ሰው

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። «ስሜን እንዳትጠሪ» ስላለኝ አልጠራውም። ሥራው የፈረስ ኮቴ ማስተካከል ነው። ፈረስ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የሌላችሁም ብታነቡ አትከስሩም።

አባባ ካረፈ አራተኛ ወሩን ይዟል። 81 ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበር፤ ሰባት ልጅ ያሳደገው በመዶሻና በመጋዝ ነው። እጁ ላይ ያልተሰነጠቀ ቦታ አልነበረም። ከሥራ ሲመለስ ግን ቀጥታ ወደ ጋጣ እንጂ ወደ ቤት አይገባም። ፈረሱ ዳማው ውሃ ሳይጠጣ እሱ አይቀመጥም። እናታችን «ፈረስ ጠባቂ ስታጣ ነው እኔን ያገባኸኝ» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም አይክድም።

ሲያርፍ ፈረሱ እኛ እጅ ቀረ። እኛ ደግሞ ከማብላትና ከማጠጣት ሌላ አናውቅም። ድርቆሽ እናቀርባለን፣ እንጠርጋለን፣ በቃ። ኮቴ የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሰው የለም። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ የፊት ኮቴዎቹ ረዝመው ተንጋደዱ፣ ዳማውም ማነከስ ጀመረ። ሰው ጠቁሞን አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ መጣ። ቸኩሏል። እግሩን በገመድ ጎትቶ አነሳ፣ ቆረጠ፣ ደም መጣ። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዳማው ለማንም እግሩን የማይሰጥ ሆነ። 24 ዓመቱ ነው እኮ፣ በፈረስ ዕድሜ ሽማግሌ ነው።

አንድ ቀን ጋጣውን ስጠርግ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀን ተጽፎበታል። የአባባ እጅ ነው፣ በዚያ በወፍራሙ የአናጢ እርሳስ። ቀኖቹን ቆጠርኳቸው። በየስድስት፣ በየሰባት ሳምንቱ ናቸው። እህቴ የተዳረችበት ሳምንት እንኳ አልተዘለለም። ጥግ ላይ ደግሞ ስም የሌለው ስልክ ቁጥር አለ።

የእኔ ሂሳብ አልቆ ስለነበር በአባባ ስልክ ደወልኩ። ወዲያው ተነሳ።

«ጋሼ! ምነው ጠፉ? ዳማው ደህና ነው?»

የምለው ጠፋኝ። እሱም ከዝምታዬ ገባው። በማግስቱ መጣ።

ጥቆማዬ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ መሣሪያውን አላወጣም። «እስኪ አራምጂልኝ» አለኝ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ወዲያ ወዲህ። ቁጢጥ ብሎ አረጋገጡን አየ። ከዚያ በጎን በኩል ትከሻው አጠገብ ሄዶ ቆመ። ፈረስ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ግንባሩ ሥር ያለውንና ቀጥታ ከኋላው የመጣውን ግን አያይም፣ ስለዚህ ይደነግጣል። እጁን ከትከሻው ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አወረደ። ዳማው ራሱ እግሩን አነሳለት። ያ ለማንም የማይሰጠውን እግር!

ኮቴውን ገልብጦ ሲጠርግ፣ መሃሉ ላይ ያለው የቀስት ጫፍ የሚመስል ለስላሳ ቦታ ሸተተን። «እርጥብ ላይ ቆሞ ነው፣ ጋጣውን አድርቁለት» አለ። የረዘመውን በአንድ ጊዜ አልቆረጠውም። ኮቴ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ስንት ጊዜ የተጠራቀመውን በአንድ ቀን ልመልስ ከተባለ ፈረሱ ይታመማል። ትንሽ በጉጠት፣ ትንሽ በሞረድ አስተካክሎ «ከአራት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ» አለ። መጣም። (ሰዓት ላይ ግን አትመኑት። ጠዋት ካለ ረፋድ ነው።)

እግሩን ሲያወርድ አይለቀውም፣ በእጁ ይዞ መሬት ያስነካዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። «ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ» አለ። ጀማሪ ሳለ አንዴ የዳማውን እግር ዝም ብሎ ቢለቀው አባባ ሥራውን አስቁሞ «በርጩማ ላይ ልትቀመጥ ስትል ሰው ቢስብብህ ደስ ይልሃል?» አለው። ልክ እኛን የሚቆጣን እንደዚያ ነበር። ድምፁን የሰማሁት መሰለኝ።

እናታችን እንኳ የማታውቀውንም ነገረኝ። አባባ መንገድ ላይ የሚያነክስ የጋሪ ፈረስ ካየ ባለቤቱን ወደዚህ ልጅ ይልከው ነበር። ሂሳቡን የሚከፍለው ራሱ ነው። «ስንት ጊዜ?» ብለው «መቁጠር ትቻለሁ» አለኝ። እኛ ሰባታችን ጫማ እያወራረስን ነው ያደግነው! እህቴ ስትሰማ መጀመሪያ ተናደደች። ከዚያ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

ዳማው አሁን አያነክስም። ባለፈው ሲጨርስ እርሳስ ጠየቀኝ፤ ከአባባ የመሣሪያ ሳጥን ያንን ወፍራሙን አመጣሁለት። በሩን ዘግቶ ከመጨረሻው ቀን ሥር የዕለቱን ቀን ጻፈ። ትንሽ አሰበና ስልክ ቁጥሩ አጠገብ ስሙን ጨመረበት።

ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እጁ ኮቴ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ።