ደሴ ፒያሳ የተማርኩበት የፊዚክስ ቱቶሪያል፣ ከኮምቦልቻ ለምትመጡም

ደሴ ላይ የፊዚክስ ቱቶሪያል የቱ ይሻላል ብላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ልጻፈው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ 12ኛ ናቹራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ወር ተምሬያለሁ። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

በፊት ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር፣ እዛ ወርክሺት ይሰጣል፣ ፎርሙላ ይጻፋል፣ ቁጥር ይተካል፣ መልሱ ሲ ነው ይባልና ይታለፋል፣ ጥያቄው ትንሽ ከተቀየረ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር። እዚህ የመጀመሪያ ቀን ቲቸር ከኮምቦልቻ እንደመጣሁ ሲሰማ "ሐረጎ ኩርባው ላይ ሰውነትሽ ወዴት ይሄዳል?" አለኝ፣ ወደ ውጭ አልኩት፣ "ማነው የሚገፋሽ?" ሲለኝ ዝም አልኩ። ከዛ ሰሌዳው ላይ መኪናዋን ሳላትና ያለፎርሙላ ኃይሎቹን ብቻ አስሳለን፣ ወደ ውጭ የሚገፋ ምንም እንደሌለ፣ ሰውነቴ ቀጥ ብሎ መሄድ ስለሚፈልግ እንደሆነ፣ መኪናዋን ወደ ውስጥ የሚያዞራት የጎማውና የአስፋልቱ ፍሪክሽን (ሰበቃ) እንደሆነ እኛው በአፋችን እስክንለው ጠበቀ። ስሌቱ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሬዲየሱ 20 ሜትር፣ የፍሪክሽን ኮኢፊሸንቱ 0.5፣ ጂ (የመሬት ስበት) ደግሞ 10 ነው ብለን ሦስቱን ስናባዛ ቪ ስኩዌር 100 ይመጣል፣ ሳይንሸራተት የሚታጠፍበት ከፍተኛው ፍጥነት 10 ሜትር በሰከንድ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ዝናብ ጥሎ ኮኢፊሸንቱ 0.2 ከሆነ ደግሞ 23 አካባቢ ይወርዳል። ማሱ ከእኩልታው ከሁለቱም በኩል ስለሚሰረዝ የጫነውም ባዶውም እንዳይንሸራተት ገደቡ አንድ ነው፣ ይሄን እኔ በፍጹም አልጠብቅም ነበር!! አሁን ሐረጎ ላይ ጉም ሲሆንና ሹፌሩ ሲያቀዘቅዝ በሆዴ አመሰግነዋለሁ።

ኢነርጂንም በዚሁ መንገድ ነው ያስተማረን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ ወደ 600 ሜትር ነው፣ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ሲወርደው 60 ሚሊዮን ጁል ኢነርጂ የሆነ ቦታ መግባት አለበት፣ ሁሉም ፍሬኑ ላይ ሙቀት ከሆነ ፍሬኑ ይቃጠላል፣ ለዛ ነው ከባድ መኪኖች ሞተሩ እንዲይዛቸው በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርዱት። አባቴ ሹፌር ነው፣ ማታ ይሄን ስነግረው ደብተሬን ተቀብሎ ቁጥሩን ራሱ አየው።

ሌላው በጣም የወደድኩት የተሳሳትኩትን እንዳጠፋ አለመፍቀዱ ነው። ደብተር ሰብስቦ ስዕሉ የት ጋ እንደተበላሸ በቀይ ይከባል፣ እኔ ቶርክ (ኃይል ነገርን ሲያዞር) ላይ ሦስት ሳምንት ሲያቅተኝ "አብሽሪ፣ የተሳሳትሽውን አሳዪኝ" ብሎ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ አብሮኝ ቁጭ ብሏል። ማትሪክ ላይ ካልኩሌተር ስለማይገባ ስኩዌር ሩቱንም ዲሲማሉንም በእጅ ነው የምንሰራው።

ቅሬታዬ። ስንጀምር 15 ነበርን፣ የፈተናው ወቅት ሲቃረብ ከ40 በላይ ሆንን፣ ያው አንድ ክፍል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰሌዳው አይታየውም፣ ክፍያውም ከ600 ወደ 800 ብር ገባ። ሰው ሲበዛ ደብተር መሰብሰቡም ቀረ፣ ይሄ ነው በጣም ያሳዘነኝ፣ የቦታው ጥቅም እኮ እሱ ነበር። በሁለት ፈረቃ ክፈሉን ብለን ባለቤቱን ጠየቅነው፣ እሺ አለን ግን አልተደረገም። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ላይ ደግሞ ማግኔት ጥቅልል ሽቦ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ከረንት እንደሚፈጠር በስዕል ብቻ ነው ያየነው፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ የመዳብ ሽቦና አንድ ርካሽ መልቲሜትር (ከረንት መለኪያ) ይበቃ ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ፣ ኤሌክትሮኒክሱ፣ ዳዮድና ትራንዚስተር ሎጂክ ጌቱም ጭምር፣ በሁለት ቀን አለቀ፣ እሱን በራሴ ነው ያነበብኩት።

ከኮምቦልቻ ለምትመጡ፣ ክፍሉ 2፡30 ስለሚጀምር 1፡00 ላይ መናኸሪያ ሁኑ፣ ጃኬት ያዙ፣ ቤታችን ሞቆ ደሴ ስትደርሱ ብርዱ ሌላ ነው። ከተቻለ 11ኛ ክፍል ቬክተር ላይ እያላችሁ ጀምሩ፣ 12ኛ አጋማሽ ላይ የመጡት ልጆች ስዕሉን ሳይለምዱት ፈተናው ደረሰ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 11ኛ ገብቷል፣ ኢንሻአላህ እሱንም አስመዘግበዋለሁ፣ ግን ከመክፈሌ በፊት ስንት ልጅ እንደተመዘገበና ደብተር መሰብሰቡ መመለሱን እጠይቃለሁ።